በነፋስ ስልክ እስትንፋስ ፍለጋ

«ለመሆኑ የምትሰግደው ለማን ነው?» አለችኝ እታለም፣ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳችልኝ።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ሰባ ዓመት ካለፋት ቆይቷል። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ሌሊት ተነሥታ አርባ አንድ ጊዜ ትሰግዳለች፤ ጉልበቷ ከእኔ ይበረታል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከማስተማሩ ይልቅ የፈተና ወረቀት ማረሙ ወገቤን በላው። ሦስት የስቅለት በዓላት በተከታታይ፣ ሕዝቡ ግንባሩን መሬት እያስነካ ሲሰግድ እኔ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፌ ቆሜ ውያለሁ። ማንም አልወቀሰኝም። ይሁንና ሁሉም በተደፋበት መካከል ብቻውን የቆመ ሰው የሚሰማውን የሚያውቀው የቆመ ብቻ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ራጅ ተነሣሁ፤ ሐኪሙም «አጥንትዎ ደኅና ነው፤ የጎደለዎ እንቅስቃሴ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ጎረቤቴ ላፍቶ ውስጥ፣ ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ዮጋ የሚያስተምሩ ሰዎች መኖራቸውን የነገረችኝ ያን ሰሞን ነው።

ነገሩን ለእታለም ባወራኋት ዕለት ያ ጥያቄ መጣ። መልስ አልነበረኝም። የታሪክ መምህር መልስ ሲያጣ የሚሄደው ወደ መጽሐፍ ነውና፣ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጠዋት ወደ ትምህርቱ፣ ማታ ማታ ደግሞ ወደ መጻሕፍቱ ስመላለስ ከረምኩ። ይህ ጽሑፍ የሁለቱ ፍሬ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዮጋ ክፍል የሚገባ ሰው ምን እንደሚጠብቀው፣ የሚጠብቀውም ነገር ከየት እንደመጣ ለመንገር የታሰበ ነው። የባሕር ማዶውን ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እለየዋለሁ።

ጫማና ምንጣፍ

የመጀመሪያው ትእዛዝ ጫማን በር ላይ ማውለቅ ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የምንገባው ጫማ አውልቀን ነው። እንግዳ የሚሆነው ካልሲውም እንደሚወልቅ ሲነገር ነው። ካልሲ ያንሸራትታል። ስለዚህ ጀማሪ ሆይ፣ የእግር ጥፍርዎን ቆርጠው ይሂዱ! እኔ አልቆረጥኩም ነበር።

በአዳራሹ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ ዘጠኙ ሴቶች። በዕድሜ ታላቁ እኔ። ስለ ልብስ ሳምንቱን ሙሉ የተጨነቅሁት ከንቱ ነበር፤ ሰፋ ያለ ቱታና ካናቴራ በቂ ነው። ሆድ ግን ባዶ ወይም ለባዶ የቀረበ መሆን አለበት፤ ከበሉ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ማሳለፍ ይገባል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ይህ ቀላል ነው። ፍርፍሩን አጣጥሞ የመጣ አንድ ጎልማሳ ግን ጎንበስ ባለ ቁጥር ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ።

አስተማሪዋ ከመጨረሻ ልጄ የምታንስ ወጣት ናት። ትምህርቱ ሳይጀመር ወደ እኔ ቀረብ ብላ «ጋሼ፣ ደም ግፊት አለብዎ? የዓይን ግፊትስ? ቀዶ ጥገና አድርገው ያውቃሉ? ወገብዎን የሚያምዎ ሲቀመጡ ነው ወይስ ሲቆሙ?» ስትል ጠየቀችኝ። «በእጄ ነክቼ ባስተካክልዎ ይከፋዎታል?» ብላም ጨመረች። ይህን ሳይጠይቅ የሚጀምር አስተማሪ ካጋጠመዎ ሳይጠየቁ ይንገሩት። የዓይን ግፊት ወይም ያልተቆጣጠሩት ደም ግፊት ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ እንዲቆይ አይመከርም፤ ነፍሰ ጡር ሴትም በሆድ የሚተኛባቸውንና ወገብን አጥብቀው የሚያዞሩትን ትተዋለች።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የላስቲክ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ሰው ቢጋደምበት ልክ ይሆናል። በጥንቱ ሕንድ ለተመስጦ የሚቀመጥ ሰው ሣር፣ በላዩ የአጋዘን ቆዳ፣ በላዩም ጨርቅ እንዲያነጥፍ ባጋቫድ ጊታ የተባለው መጽሐፋቸው ያዝዛል። የእኛም መነኮሳት ቁርበትና አጎዛ ያነጥፉ የለም? ይህ የሚይዝ ላስቲክ ግን የመጣው በቅርብ ዘመን ነው። አንጄላ ፋርመር የተባለች የዮጋ አስተማሪ ጀርመን አገር ሳለች፣ ከወለል ምንጣፍ ሥር የሚነጠፈውን ላስቲክ ቆርጣ እንዳያንሸራትታት መቆሚያ አደረገችው። እጅግ ጥንታዊ መስሎኝ በአክብሮት የረገጥኩት ምንጣፍ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል ማለት ነው። ወደፊት እንደምናየው፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከመሰለኝ በዕድሜ አንሶ የተገኘው እሱ ብቻ አልነበረም።

ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስ

ጀማሪ ሲገባ የሚፈራው መገለባበጥን ነው። እኔም ልክ እንደ ሰርከስ ልጆች እግሬን ከማጅራቴ ጀርባ አድርግ እባል ይሆን እያልኩ ስሰጋ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ግን ያለፉት ቁጭ ብሎ በመተንፈስ ብቻ ነው። እግር ማጣጠፍ ያቃተው ብርድ ልብስ አጥፎ ከመቀመጫው ሥር ያደርጋል። በአፍንጫ ማስገባት፣ በአፍንጫ ማስወጣት፤ ማስወጣቱን ከማስገባቱ ማስረዘም። «የሚተነፍሱት በደረትዎ ነው፤ እስቲ ሆድዎ ድረስ ይውረድ» አለችኝ። ስድሳ ዓመት ስተነፍስ ኖሬ እንደማልችልበት የተነገረኝ ያን ጊዜ ነው።

ዓይኔን ጨፍኜ ስለ ሠፈራችን ስም አሰብኩ። ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወረራ በፊት በአካባቢው ከተተከለው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። «ስልክ» ከዓረብኛ ሲመጣ ሽቦ ማለት ነበር። ሽቦ ሳይዘረጋ መልእክት ሲመጣ ያዩ አባቶቻችን ነፋሱን ራሱን ሽቦ አድርገው «ነፋስ ስልክ» አሉት። ነፋስ፣ ነፍስና እስትንፋስ ደግሞ በግዕዝ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በሳንስክሪት ቋንቋም «ፕራና» እስትንፋስም ሕይወትም ነው። አስተማሪዋ ሕንድኛውን ቃል ስትጠራ የፈራሁት እንግዳ ምስጢር፣ በገዛ ቋንቋዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስናገረው የኖርኩት ሆኖ አገኘሁት።

ራሱ «ዮጋ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ሥሩ «ዩጅ» ሲሆን መጥመድ፣ በቀንበር ማያያዝ ማለት ነው፤ እንግሊዞች ቀንበርን የሚጠሩበት «ዮክ» የዚሁ ዘር ነው። እኛም በሬ ጠመደ እንላለን። ግዕዙ «ጸመደ» ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ታዲያ በጾምና በጸሎት የጸናውን ባሕታዊ «ጽሙድ» ይሉታል፤ እንደ በሬ ራሱን ለቀንበር የሰጠ ለማለት። ቋንቋዎቹ ዝምድና የላቸውም። ሐሳቡ ግን በሁለቱም አገር ከአንድ እርሻ የተወሰደ ነው፤ ያልተጠመደ ልብ እንዳልተጠመደ ወይፈን ነው፣ አያርስም።

ስለዚህ መጻሕፍቱን ስገልጥ የጠበቅሁት በዮጋ መጽሐፍ ውስጥ የአካል እንቅስቃሴ ሞልቶ ማየት ነበር። የፓታንጃሊ የዮጋ ሱትራ ሊቃውንት ከ1,500 ዓመት በላይ ዕድሜ የሚሰጡት መሠረታዊ መጽሐፍ ነው። በውስጡ ካሉት 195 ያህል አጫጭር አንቀጾች ስለ አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የሚጠይቁትም አቀማመጡ የጸናና ምቹ እንዲሆን ነው። «አሳና» የሚለው ቃል ራሱ መጀመሪያ መቀመጫ ማለት ነበር። አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በእኛ አገር የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሆነው በ15ኛው ምዕተ ዓመት፣ ስቫትማራማ የተባለ ሰው ሐታ ዮጋ ፕራዲፒካ የተሰኘውን መጽሐፍ ጻፈ። እዚያም የተገለጹት አቋሞች አሥራ አምስት ሲሆኑ አብዛኞቹ ተቀምጠው የሚደረጉ ናቸው። ዮጋ አምስት ሺህ ዓመት ሆኖታል የሚለው አባባል ደግሞ በአብዛኛው የተንጠለጠለው ከሞሄንጆ ዳሮ ፍርስራሽ በተገኘ፣ ተቀምጦ የሚታይ ሰው በተቀረጸበት አንድ ትንሽ ማኅተም ላይ ነው። የማኅተሙን ትርጉም ሊቃውንት እስካሁን ይከራከሩበታል።

እንግዲያው በአዳራሹ ውስጥ የምንቆመው፣ የምንጎነበሰው፣ የምንዘረጋው ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

ከትምህርት ቤት የማውቀው

ከመተንፈሱ በኋላ በአራት እግር መቆም መጣ። ሲያስወጡ ጀርባን እንደ ተቆጣች ድመት ማጉበጥ፣ ሲያስገቡ እንደ ላም ማጉደል። ለወገቤ የመጀመሪያው ደስታ ይህ ነበር። ቀጥሎ መቀመጫን ወደ ሰማይ አንሥቶ እጅና እግርን መሬት መትከል፤ ስሙ ራሱን የዘቀዘቀ ውሻ ነው። ውሻ ከእንቅልፉ ሲነሣ የሚንጠራራውን ያስቡ። ተረከዜ መሬት አልነካም፤ ጉልበቴም አልዘረጋ አለኝ። «ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉት፤ ዋናው ጀርባዎ ነው» አለችኝ። ከዚያ አንዱን እግር ወደፊት አስፍቶ እጅን እንደ ጦር መዘርጋት። ጭኔ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በግራዬ ያለችውን ወጣት ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ እንደ ሐውልት ቆማለች። ይህ የጀማሪ ሁሉ ኃጢአት ነውና አይሸማቀቁ።

በዚህ መካከል ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ይህን እኔ አውቀዋለሁ! በልጅነቴ በትምህርት ቤታችን ሜዳ የስፖርት መምህራችን ፊሽካቸውን ነፍተው «አንድ፣ ሁለት!» ሲሉን እግር ከፍተን፣ እጅ ዘርግተን፣ ጎንበስ ቀና ያልነው ያው አይደለም? መጀመሪያ ሽማግሌ ልቤ የፈጠረው ተመሳሳይነት መሰለኝ። ማታ መጽሐፉን ስገልጥ ግን ከባዶ የመጣ እንዳልነበረ ተረዳሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1893፣ አፄ ምኒልክ የውጫሌን ውል ባፈረሱበት ዓመት፣ ስዋሚ ቪቬካናንዳ የተባለ ወጣት ሕንዳዊ መነኩሴ በአሜሪካ በቺካጎ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ተናግሮ ዝናው ተሰማ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ዮጋ ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው የልብን መገዛት ነው፤ አካልን የማጣመሙን ነገር ንቆ አልፎታል። የዘመኑ የተማሩ ሕንዶች በጎዳና ላይ ተጣጥፈው ሳንቲም በሚለምኑት ባሕታውያን ያፍሩ ነበርና።

ነገሩ የተለወጠው በቀጣዮቹ ዐሠርት ዓመታት ነው። ሕንድ በእንግሊዝ ቀንበር ሥር ነበረች፤ ገዢዎቹም ሕንዳዊ ደካማ ነው ይሉ ነበር። ወጣቶቹ ለዚህ መልስ የሰጡት አካላቸውን በማጠንከር ነው። በስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ የተጀመረው ጂምናስቲክ በእንግሊዝ ጦርና ትምህርት ቤቶች በኩል ሕንድ ገብቷል። በ1920 የወወክማ አሠልጣኝ የነበረው ሃሪ ባክ በማድራስ የአካል ማጎልመሻ መምህራን ኮሌጅ ከፈተ። የዴንማርኩ ኒልስ ቡክ መሬት ላይ የሚሠራው ጂምናስቲክም በሰፊው ይሠራበት ነበር። በዚሁ ዘመን፣ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ባጠቃ በወሩ፣ በታኅሣሥ 1918፣ ሽሪ ዮጌንድራ በቦምቤይ ለተራው ሰው፣ ለባለ ቤቱና ለባለ ሥራው የዮጋ ተቋም መሠረተ። ኩቫላያናንዳ በ1924 በሎናቭላ ማዕከል ከፍቶ ዮጋን በሳይንስ መሣሪያ መመርመር ጀመረ። ባሕታዊ ሳይሆኑ፣ ጫካ ሳይገቡ፣ ከሥራ በኋላ ሄዶ መማር የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው። የእኔ የላፍቶው ክፍል ቅድመ አያት እነዚህ ናቸው።

ከሁሉ የበለጠው ግን የማይሶር ቤተ መንግሥት ነው። የማይሶሩ ማሃራጃ ክሪሽናማቻርያ ለተባለ ሊቅ በ1933 ከቤተ መንግሥቱ አዳራሾች አንዱን ሰጡት። ይህ ሰው ለልጆችና ለወጣቶች ከትንፋሽ ጋር የተያያዘ፣ ፈጣንና ጠንካራ የእንቅስቃሴ ሰንሰለት አስተማረ። ዛሬ በዓለም የተዘረጋው ዮጋ በአብዛኛው የእሱ ተማሪዎች ያሠራጩት ነው። አየንጋር በልጅነቱ በሳንባ ነቀርሳና በወባ የተጎዳ ደካማ ልጅ ነበር፤ በ1966 ያሳተመው መጽሐፍ የመምህራን መመሪያ ሆነ። ማገዶና መታጠቂያ ይዞ የሚሠራውም የእሱ ስልት ነው፤ ያ ከእጄ ሥር የተደረገልኝ የእንጨት ቁራጭ ከእሱ ቤት የመጣ ነው። ፓታቢ ጆይስ ብርቱውን ስልት ይዞ ቀረ። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ያውም ፈረንጅ። በ1899 በሪጋ የተወለደችውን ኢንድራ ዴቪን ክሪሽናማቻርያ አላስተምርም ብሎ ነበር፤ ማሃራጃው ጣልቃ ገብተው ነው የተቀበላት። በ1947 ወደ አሜሪካ ተሻግራ በሆሊዉድ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ የፊልም ተዋናዮች ተማሪዎቿ ሆኑ። በ102 ዓመቷ በ2002 አረፈች። በአዳራሹ ከአሥራ አንዳችን ዘጠኙ ሴቶች የሆኑበት ምክንያት ከእሷ በር ይጀምራል ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ማርክ ሲንግልተን የተባለ ተመራማሪ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዛሬው ዮጋ አቋቋሞች ከአውሮፓ ጂምናስቲክ ብዙ ወስደዋል ሲል ተከራከረ። ቀደም ብሎም በ1996 ኖርማን ስዮማን፣ በማይሶር ቤተ መንግሥት የ19ኛው ምዕተ ዓመት የብራና ሥራ ውስጥ 122 አቋሞች ተስለው መገኘታቸውን አሳይቶ ነበር። እንግዲህ ሁሉም ከውጭ መጣ ማለትም አይቻልም፤ ሁሉም ከጥንት ነበረ ማለትም አይቻልም። ግንዱ የሕንድ ነው፤ የተዳቀለበት ቅርንጫፍ አለ።

የስዊድን ጂምናስቲክ ደግሞ እኛን በሌላ በር አግኝቶናል። የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት በወረራው ዋዜማ ያቋቋሙት የስዊድን መኮንኖች ናቸው። ከነጻነት በኋላ፣ በ1946፣ ኦኒ ኒስካነን ከስዊድን መጥቶ በአካል ማሠልጠኛነት አገለገለ፤ ኋላ አበበ ቢቂላን ለሮም ያበቃው እሱ ነው። ወወክማም በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። የልጅነቴ የፊሽካ ስፖርትና የላፍቶው ዮጋ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ በሆለታ በኩል፣ ሌላው በማድራስና በማይሶር ዞሮ መጥተው በእኔ ወገብ ላይ ተገናኙ።

ግራሯ

ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። ትምህርቱ ሲጋመስ በአንድ እግር መቆም መጣ። ስሙ ዛፍ ነው። የአንዱን እግር ውስጠኛ መዳፍ በሌላው ባት ወይም ጭን ላይ መለጠፍ፤ በጉልበቱ ላይ ግን ፈጽሞ። ዓይንን በአንድ ነጥብ ላይ መትከል። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። «ግድግዳውን ይያዙ፤ ዛፍም ሲተከል ድጋፍ ይደረግለታል» አለችኝ። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ነው። ግራር ባበቀለ መሬት ላይ አንድ ደቂቃ ዛፍ መሆን አቃተኝ።

በደቡብ ሕንድ በማሃባሊፑራም፣ በ7ኛው ምዕተ ዓመት ግዙፍ ድንጋይ ላይ ከተቀረጹት ምስሎች መካከል እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ በአንድ እግሩ የቆመ ባሕታዊ አለ። ፎቶግራፉን ባየሁ ጊዜ በየቤታችን ግድግዳ የተሰቀለው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል ፊቴ ድቅን አለ። ጻድቁ በጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው ተቆርጦ በቀረው እንደጸኑ ገድላቸው ይተርካል። ለማወዳደር አይደለም። ነገር ግን ሁለት አገሮች፣ ሳይተያዩ፣ መቆም ራሱ መሥዋዕት ሊሆን እንደሚችል አውቀው ነበር። አቋቋሙ ቢመሳሰልም ዓላማው ይለያያል፤ ጻድቁ የቆሙት ለአምላካቸው ነው። እኔ የቆምኩት ለወገቤ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ የእታለም ጥያቄ ተመልሶ መጣ።

ፀሐይና ጥያቄዋ

በሦስተኛው ሳምንት «ሱርያ ናማስካር» የተባለውን ሰንሰለት ጀመርን፤ ትርጉሙ ለፀሐይ ሰላምታ ነው። ከመቆም ወደ መጎንበስ፣ ከመጎንበስ ወደ መደፋት፣ ከመደፋት ወደ መነሣት። መልኩ ከሩቅ ለሚያየው ስግደት ነው። ልቤ ደነገጠ። እታለም ይህን ብታይስ?

ይህን የእንቅስቃሴ ሰንሰለት በ1920ዎቹ በሰፊው ያስተዋወቁት የአውንድ ግዛት ራጃ ባቫንራኦ ናቸው፤ ተገዢዎቻቸውን ለማጠንከር። ለፀሐይ አምላክ የመስገድ ሥርዓት ግን ከዚያ በፊትም በሕንድ የነበረ ነው። የሃይማኖት ሥሩን መካድ ታሪክን መካድ ነው። የእታለምን ጥያቄ የጠየቁ ብዙዎች ናቸው። በታኅሣሥ 2014 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሰኔ 14 ቀን የዮጋ ቀን እንዲሆን ሲወስን፣ በሕንድ ያሉ ሙስሊሞች የፀሐዩን ሰላምታ ተቃወሙ፤ መንግሥታቸውም በ2015 ከመጀመሪያው በዓል መርሐ ግብር አወጣው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ሃይማኖት ተማሩብን ያሉ ወላጆች ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛው በ2013 የዮጋ ሥር ሃይማኖታዊ ቢሆንም በዚያ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ግን ሃይማኖት አይደለም ሲሉ ፈረዱ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2015 አጸናው።

እኛም ከነገሩ ሩቅ አይደለንም። ኅዳር 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ ዮጋን በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሽ በተደረገው ጉባኤ ነው። የእኛው የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነበር። ገዳና ዮጋ አንድ ሳምንት፣ አንድ አዳራሽ!

ጭንቀቴን ለአስተማሪዋ ነገርኳት። «ጋሼ፣ እኔም እሑድ እሑድ ቸርች እሄዳለሁ» አለችኝ። «እዚህ ለማንም አንሰግድም። ደስ የማይልዎትን ይተዉት፤ ማንም አይጠይቅዎትም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰንሰለቱን ያለ ስሙ እሠራዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሌሎቹ እጃቸውን ገጥመው «ናማስቴ» ሲሉ፣ ቃሉ «ላንተ እጅ እነሳለሁ» ማለት መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ እኔ በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ይህን የምናገረው ለራሴ ነው። ሌላው ሰው እንደ ሕሊናው ይመዝን፤ ብቻ ሲመዝን ታሪኩን አውቆ ይሁን። ከፍርሃት የተነሣ መሸሽም፣ ጥንታዊ ነው ተብሎ በጭፍን መቀበልም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አልጠየቁም።

ተጋድሞ መነሣት

ትምህርቱ የሚያልቀው በመጋደም ነው። ስሙ በቀጥታ ሲተረጎም የሬሳ አቋም ነው፤ ስቫትማራማ ከመዘገባቸው አሥራ አምስቱ አንዱ ነውና ይህኛው በእርግጥ አሮጌ ነው። ጀርባ መሬት ላይ፣ እጅ ጎን ለጎን፣ ዓይን ጨፍኖ አምስት አሥር ደቂቃ። ብርድ ልብስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰውነት ሲያርፍ ይበርዳል። እንቅልፍ ቢወስድዎ አያፍሩ፤ እኔ አንኮራፍቻለሁ። ሲነሡ በቀኝ ጎን ተገልብጠው፣ ቀስ ብለው፤ ድንገት የተነሣ ራሱን ያዞረዋል።

በማግስቱ የማያውቁት ሥጋ ሁሉ ያምዎታል። የድካም ሕመም በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። የሚወጋ፣ ወደ እግር የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ያቁሙና ሐኪም ይጠይቁ። ተአምርም አይጠብቁ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው መካከል ዮጋን ቆጥሮታል። በዚያው ዓመት የታተመ የኮክሬን ጥናት ግምገማ ምንም ካለመንቀሳቀስ ይልቅ መጠነኛ ጥቅም እንዳለው፣ ከሌላ እንቅስቃሴ ግን ስለ መብለጡ ግልጽ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። የሐኪሜ ቃል ያው ነበር፤ የጎደለዎ እንቅስቃሴ ነው።

ዘንድሮ በስቅለት ዕለት ከእታለም ጎን ቆምኩ። አጥሩን አልተደገፍኩም። «ኪርያላይሶን» ሲባል ጉልበቴን አጠፍኩ፤ እጄን መሬት ተከልኩ፤ ማስወጣቱን አስረዘምኩ፤ ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። ተነሣሁ። ደግሜ ወረድኩ። በስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ወገቤ ይበቃል አለኝና ቆምኩ። ማታ ካህኑ በወይራው ቅጠል ጀርባዬን ነካ ነካ አድርገው ሲያሰናብቱኝ ከሦስት ዓመት በኋላ የምቀበለው የመጀመሪያው ነበር።

ከግቢው ስንወጣ እታለም ነጠላዋን እያስተካከለች «አሥራ ሁለት» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የሰገድከው ነዋ። ቆጥሬያለሁ።» ጥቂት መንገድ ዝም ብላ ሄደችና ጨመረች፤ «ለማን እንደሆነ አየሁ። እዚያም ስትሄድ እየጠየቅህ ሂድ።»